ጌትዲፒን ስድስት ወር ታገልኩት፦ ፊልድና ሰርኪትን የሚያጋባው ነፃ ሶፍትዌር

መጀመሪያ እዚህ ጣጣ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ ልንገራችሁ።

ሰፈራችን ውስጥ ስታቢላይዘርና ትራንስፎርመር የሚጠቀልሉ አንድ ሰው አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። የተቃጠለ ይመጣላቸዋል። ይፈቱታል፣ ዙሩን ይቆጥራሉ፣ በአዲስ ሽቦ ጠቅልለው ይመልሳሉ። አንድ ቀን በበራቸው ሳልፍ ጠሩኝና "አንተ ኢንጂነር፣ ና እስቲ ይሄን ጉድ እይልኝ" አሉኝ። ባለ 1 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ጠቅልለው ጨርሰዋል። ምንም ዕቃ ሳይያያዝበት ባዶውን ሶኬት ላይ ሲሰካ አንዳንዴ ብሬከሩን ይጥለዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ይላል። ሾርት እንደሌለው ለክተው አረጋግጠዋል። ብቻቸውን ሆነው ሲሞክሩት ሦስቴ ተሰክቶ ሦስቴም ጨዋ ሆኖ የተቀመጠው ትራንስፎርመር፣ ባለቤቱ ሊወስደው መጥቶ ሲሰካ ቤቱን ጨለማ አደረገው።

"ሊያዋርደኝ ነው እኮ!" አሉ።

የነገሩን ስም አውቀዋለሁ። ኢንረሽ ይባላል። ትራንስፎርመሩ ገና ሲሰካ የሚጎርሰው የመጀመሪያ ከረንት ነው። የተሰካው የቮልቴጁ ሞገድ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቅጽበት ከሆነ፣ በኮሩ (ሽቦው በተጠመጠመበት ብረት) ውስጥ የሚያልፈው ፍለክስ፣ ማለትም የማግኔት ፍሰት፣ ከተለመደው ጣሪያው እጥፍ ድረስ ይወጣል፣ ብረቱ ይጠግባል (ተጨማሪ ማግኔት መያዝ ያቅተዋል)፣ ከረንቱም ሽቅብ ይወረወራል። ሞገዱ ጫፍ ላይ እያለ ከተሰካ ግን ብዙም ነገር የለም። ሰው ደግሞ ሶኬት ሲሰካ ሞገድ አያይም። እንደ ዕድሉ ነው። ይህን ሳስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ስንት አምፒር?"

አላውቅም ነበር። እንግዲህ ማታ ማታ ከጌትዲፒ ጋር የታገልኩት ይህችን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ማግኔቲክ ፊልድ የሚያሰላ ፕሮግራም ነካክታችሁ ከሆነ ችግሩ ወዲያው ይገባችኋል። ብዙዎቻችን የጀመርነው በዴቪድ ሚከር ኤፍኢኤምኤም ነው፣ 4.2 በሚባለው። ነፃ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ 2ዲ ብቻ ነው። ኮሩን ትስላላችሁ፣ ብረቱን ከዝርዝሩ ትመርጣላችሁ፣ ጥቅሉ ላይ "258 ዙር፣ 4 አምፒር" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ትጫኑታላችሁ፣ በሰከንዶች ውስጥ ቀለም የተቀባ ሥዕል ይወጣል። ደስ ይላል። ያንን ሥዕል ፓወርፖይንት ላይ ለጥፎ ያልተመረቀ የፓወር ተማሪ ካለ ይንገረኝ።

ጉዱ ያለው "4 አምፒር" ያልኩት እኔ መሆኔ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ከረንት አይሰጥም። የሚሰጠው ቮልቴጅ ነው። ስንት አምፒር እንደሚገባ የሚወስነው ብረቱ ነው፣ ብረቱ ምን ያህል እንደሚጠግብ የሚወስነው ደግሞ ያው የገባው አምፒር ነው። ጋሼ የጠየቁኝን ቁጥር እኔው ራሴ ጽፌ ለፕሮግራሙ ከሰጠሁት ምኑን አሰላሁት? ለዚህ የሚያስፈልገው የፊልዱ እኩልታና የሰርኪቱ እኩልታ፣ ማለትም የኪርኾፍ ሕግ፣ አንድ ማትሪክስ ውስጥ ገብተው አብረው የሚፈቱበት ፕሮግራም ነው። በየሜሹ (ቅርፁ ተከፋፍሎ በሚሰላበት መረብ) ነጥብ ያለው የማግኔቲክ ፖቴንሻል አንዱ ያልታወቀ ነገር ነው፣ በየሽቦው የሚሄደው ከረንትና ቮልቴጅ ሌላው ያልታወቀ ነገር ነው፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ። ፊልድና ሰርኪትን ማጋባት ማለት ይህ ነው።

ጌትዲፒ ይህን ያደርጋል። በነፃ።

የመጣው ከቤልጅየም ነው፣ ከሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ። ፓትሪክ ዱላር እና ክሪስቶፍ ገዜን የጻፉት ነው፣ ፈቃዱም ጂፒኤል የሚባለው የክፍት ምንጭ ፈቃድ ነው። ሜሹን የሚሠራለት ጂሜሽ የሚባለው ነው፣ እሱም ገዜን ከዣን ፍራንሷ ረማክል ጋር የሠራው። ሁለቱን አንድ መስኮት ውስጥ የሚያገናኛቸው ኦንላብ ይባላል። ዚፑን አውርዳችሁ ትፈታላችሁ፣ ጂሜሽን ሁለቴ ትጫናላችሁ፣ በቃ። ኢንስቶል የለም፣ የላይሰንስ ፋይል የለም፣ "ሰርቨሩን ማግኘት አልቻልኩም" የሚል መልእክት የለም። ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ ይሄዳል። ለስልክ ሳይቀር ተሠርቷል፣ ታክሲ ውስጥ ሞተር ማስመሰል ለሚያምረው።

አሁን መራራው ክፍል። ጌትዲፒ ውስጥ የሰርኪት ሥዕል የለም። ሬዚስተር ጎትተህ የምታስቀምጥበት ቦታ የለም። ያለው የጽሑፍ ፋይል ነው። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ ዐሥር ዓይነት ክፍሎች አሉ፦ ግሩፕ፣ ፈንክሽን፣ ኮንስትሬንት፣ ፈንክሽንስፔስ፣ ፎርሙሌሽን እያለ ይቀጥላል። እኩልታውን ራሱን ነው የምትጽፉት። "ትራንስፎርመር አስላልኝ" ብትሉት አይገባውም፤ ይህን ኢንቲግራል ከዚያ ኢንቲግራል ጋር ደምረህ ዜሮ አድርግልኝ ብትሉት ግን እሺ ይላል። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ምንም የረባ ነገር አልሠራሁም። አንድ ቅንፍ ረስቼ ሙሉ ማታ የጠፋብኝ ቀን አለ። የስህተት መልእክቱ የመስመር ቁጥር ይነግራችኋል፣ ስህተቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ መስመር በላይ የሆነ ቦታ ነው ያለው።

እንደዚያም ሆኖ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ወደድኩት። ምክንያቱም የሚደበቅ ነገር የለውም። አዝራር ያለው ፕሮግራም ስትጠቀሙ ጥቅሉን እንዴት እንደያዘው በእምነት ነው የምትቀበሉት። እዚህ ግን ይታያል። ለምሳሌ ድፍን መዳብና ጥምጥም ሽቦ አንድ አይደሉም። ድፍን ከሆነ ከረንቱ ውስጡ እንደፈለገ ይከፋፈላል፣ ተለዋዋጩ ፊልድ ወደ ቆዳው ይገፋዋል። ጥምጥም ከሆነ በየሽቦው እኩል ከረንት ነው የሚሄደው፣ መከፋፈል የለም። በ50 ኸርዝ የመዳብ የቆዳ ጥልቀት 9 ሚሊሜትር ከምናምን ነው። የጋሼ ሽቦ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር አይሞላም፣ ስለዚህ ጥምጥም ብሎ ማለፍ ይቻላል። 20 ኪሎ ኸርዝ ላይ የሚሠራ ቻርጀር ቢሆን ኖሮ ግን ጥልቀቱ ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ስለሚወርድ ያው ሽቦ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። ጌትዲፒ ላይ ይህን ምርጫ እናንተ ናችሁ የምትጽፉት፣ ለሁለቱም እኩልታው የተለያየ ነው፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሰርኪቱ የሚጻፈው ኔትወርክ የሚባል ኮንስትሬንት ውስጥ ነው። ስፓይስ የሚባለውን የሰርኪት ማስያ ፕሮግራም የምታውቁ ከሆነ አዲስ አይሆንባችሁም፣ ነጥቦቹን ቁጥር ትሰጣላችሁ፣ ከዚያ "ይህ ሬዚስተር ከ1 ወደ 2፣ ይህ ጥቅል ከ2 ወደ 3" እያላችሁ ትዘረዝራላችሁ። ልዩነቱ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ "ዕቃ" ሥዕሉ ላይ ያለው የሜሹ ክፍል መሆኑ ነው። ሬዚስተሩ ቁጥር ብቻ ነው፣ ጥቅሉ ግን በሺዎች በሚቆጠሩ ሦስት ማዕዘኖች የተሞላ እውነተኛ ቅርፅ ነው፣ ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ተራ ይዘው ይቆማሉ። መጀመሪያ ሲሠራልኝ ያየሁ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከመሥራቱ በፊት ግን በራሴ ጥፋት ብዙ ተቃጥያለሁ።

አንደኛው የዋልታ ነገር ነው። 2ዲ ሥዕል ላይ አንድ ጥቅል ሁለት አራት ማዕዘን ሆኖ ነው የሚታየው፣ አንዱ ሽቦው ወደ ውስጥ የሚገባበት፣ ሌላው ተመልሶ የሚወጣበት። ሁለቱ በሰርኪቱ ውስጥ በተከታታይ ይያያዛሉ፣ ሁለተኛው ግን ነጥቦቹ ተገልብጠው ነው መጻፍ ያለባቸው። እኔ ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ ጻፍኩና ከረንቱ በሁለቱም በኩል ወደ ውስጥ ገባ። የሚመለስ የለም። ፕሮግራሙ ምንም አላጉረመረመም። የኮሩ የመሃል እግር ውስጥ ፍለክስ የለም፣ የሚወጣው ከረንት የእውነተኛው ትራንስፎርመር አይደለም፣ እኔ ደግሞ "ይሄው ኢንረሹ!" ብዬ ለጋሼ ልደውል ስል ነው ሥዕሉን ያየሁት። ሥዕሉን ሁሌ እዩት።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፣ ምክንያቱም ውጤቱ እውነት የሚመስል ስለሆነ። የጋሼ ትራንስፎርመር የመሃል እግሩ 5 በ6.4 ሴንቲሜትር ነው። ጥልቀቱ 6.4 ስለሆነ 2ዲ ሞዴሉ የሚያውቀው ሽቦ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ 6.4፣ ማለትም 12.8 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። እውነተኛው ሽቦ ግን ከኮሩ ወጥቶ ይዞራል፣ በአማካይ አንድ ዙር 32 ሴንቲሜትር ያህል ይፈጃል። ከሽቦው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሞዴሉ ውስጥ የለም ማለት ነው! የፕራይመሪው (ሶኬቱ ላይ የሚሰካው ጥቅል) ሬዚስታንስ 0.7 ኦም ገደማ ሆኖ ሳለ የእኔ ሞዴል የሚያየው 0.28 ኦም ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የጎደለችውን 0.42 ኦም ሰርኪቱ ውስጥ ሬዚስተር አድርጎ መጨመር። አንድ መስመር ናት። ሰርኪትን ከፊልድ ጋር የማጋባት ጥቅሙ ቮልቴጅ መስጠት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሥዕሉ ውስጥ ያልገባ ነገር ሁሉ፣ ከኮሩ ውጭ የሚዞረው ሽቦ፣ የቤቱ መስመር፣ ብሬከሩ ጋ ያለው ላላ ያለ ብሎን ሳይቀር በሰርኪቱ በኩል ይገባል። ሞተር የሚሠሩ ሰዎች ይህን እንደ ውሃ ነው የሚያውቁት፣ እኔን ግን ማንም አልነገረኝም።

ሦስተኛው የብረቱ ነገር ነው፣ ይሄኛውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ኢንረሽ የሚወሰነው ብረቱ ከጠገበ በኋላ በሚሆነው ነው። 258 ዙር፣ 32 ካሬ ሴንቲሜትር፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፤ በትምህርት ቤቱ ቀመር ብታሰሉት የፍለክሱ ጥግግት ወደ 1.2 ቴስላ ይመጣል። መጥፎ ጊዜ ላይ ከተሰካ እጥፉ 2.4 ነው። የሲሊከን ላሜራ (ኮሩ የሚደረደርበት ስስ ቆርቆሮ) 2 ቴስላ አካባቢ ይጠግባል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ብረት መሆኑን ይረሳል፣ እንደ አየር ነው የሚቆጠረው። የማቴሪያል ሰንጠረዦች ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ያልቃሉ። ፕሮግራሙ ከሰንጠረዡ ጫፍ በላይ ሲጠየቅ የመጨረሻውን መስመር ዝም ብሎ ያስረዝመዋል። ያ መስመር ከአየሩ ተዳፋት የበለጠ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ብረታችሁ የማይጠግብ አስማተኛ ብረት ይሆናል፣ ኢንረሹም ያንሳል፣ እናንተም ደስ ብሏችሁ ትተኛላችሁ። ስለዚህ ከ2 ቴስላ በላይ ያሉትን ነጥቦች በእጄ ጨመርኩ፣ ተዳፋቱን የአየር አድርጌ። የጋሼ ላሜራ ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ ደግሞ እሳቸውም አያውቁም፣ ከሦስት የሞቱ ትራንስፎርመሮች የተሰበሰበ ነው። በሰንጠረዥ ከሚገኙት ተራ የሚባለውን መርጬ ሠራሁ።

ወደ ጊዜው ስንመጣ ጌትዲፒ ታይምሉፕቴታ የምትባል ትእዛዝ አለችው። የመጀመሪያ ጊዜ፣ የመጨረሻ ጊዜ፣ የእርምጃው ርዝመት፣ እና ቴታ የምትባል ቁጥር ትሰጧታላችሁ። ቴታን 1 ብትሏት ኢምፕሊሲት ኦይለር ትሆናለች፣ 0.5 ብትሏት ክራንክ ኒኮልሰን። መጽሐፉ ሁለተኛው የበለጠ ትክክል ነው ይላል፣ እውነትም ነው፣ ግን ማብሪያ ማጥፊያ ያለበት ሰርኪት ላይ ሞከርኩትና ቮልቴጁ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ እያለ አስቸገረኝ። ወደ 1 መልሼ እርምጃውን አሳጠርኩት። አንዱ ሞገድ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ለ100 ከፋፈልኩት፣ አምስት ሞገድ አስኬድኩ፣ 500 እርምጃ ማለት ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ብረቱ ስለሚጠግብ ኒውተን ራፍሰን የሚባለው መልሱን ደጋግሞ የሚያቃርብ ዘዴ ጥቂት ጊዜ ይመላለሳል። አሮጌ ላፕቶፔ ላይ አቦል ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ እሱም ይጨርሳል። 2ዲ ስለሆነ ነው እንጂ 3ዲ ቢሆን በረካም አይበቃው።

መብራት ስለሚሄድበት ነገርም ላንሳ፣ ይሄ የእኛ ሀገር ጥያቄ ነው። በመሃል ከተቋረጠ ካቆመበት የሚያስቀጥል ሪስታርት የሚባል አማራጭ አለው። ሁለት ጊዜ አትርፎኛል። ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ሰጥቼዋለሁ።

ውጤቱስ? በዜሮ ማቋረጫው ላይ ሲሰካ፣ ኮሩ ውስጥ ምንም የቀረ ማግኔት የለም ብዬ ስነሳ፣ ጎደሎው ሬዚስታንስ ሳይጨመር ከረንቱ ጫፉ 60 አምፒር ገደማ ሆነ። ሬዚስታንሱ ሲጨመር ወደ 53 ወረደ። ሞገዱ ጫፍ ላይ እያለ ሲሰካ ደግሞ ምንም የሚታይ ነገር የለም፣ ከአንድ አምፒር በታች የሆነች ትንሽ ሞገድ ብቻ ናት። ያው ትራንስፎርመር፣ ያው ሶኬት፣ በ5 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት። ከዚያ የጋሼን ብሬከር ላይ የተጻፈውን ሄጄ አየሁ፣ ቢ10 ይላል። ቢ ዓይነት ብሬከር ከተጻፈበት ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲሆን ወዲያው ይወርዳል፣ ማለትም ከ30 እስከ 50 አምፒር ባለው መሃል። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው። መጥፎው ቅጽበት ላይ ይወርዳል፣ ደህናው ላይ ዝም ይላል። ኮሩ ውስጥ ካለፈው ጊዜ የቀረ ማግኔት ካለና አቅጣጫው ከተገጣጠመ ደግሞ ከ53ም ያልፋል።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን። ለዚህ ለአንዷ ጥያቄ ጌትዲፒ የግድ አልነበረም። በኋላ በሌላ መንገድም ሞከርኩት። ኤፍኢኤምኤም ላይ ከረንቱን ከ0 ጀምሮ ከፍ እያደረግሁ በየደረጃው ጥቅሉ የያዘውን ፍለክስ አወጣሁ፣ በሉአ ስክሪፕት ስለሚሠራ ቁጭ ብሎ መጫን የለም። ያንን ኩርባ በቀመር አስመስዬ ኤልቲስፓይስ የሚባል የሰርኪት ማስያ ፕሮግራም ውስጥ አስገባሁት፣ ኤልቲስፓይስ ኢንዳክተርን በቁጥር ፈንታ የፍለክስ ቀመር ጽፋችሁ እንድትሰጡት ይፈቅዳል። እሱም ነፃ ነው። ውጤቱ ከጌትዲፒው ጋር ተቀራራቢ ነው፣ የፈጀው ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ። ሰርኪቱን በማውዝ ነው የሳልኩት፣ ብሬከሩንም ማብሪያውንም።

ታዲያ ስድስት ወሩ ለምን? ምክንያቱም ያ የሰንጠረዥ ዘዴ የሚሠራው አንድ ጥቅል ሲሆን፣ ኮሩም በላሜራ የተከፋፈለ ሲሆን ነው። ሁለት ጥቅል አብረው ብረቱን ሲያጠግቡት ሰንጠረዡ ሁለት መግቢያ ይኖረዋል። ሦስት ፌዝ ሲሆን ሦስት። የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ አንድ ይጨመራል። ድፍን ብረት ወይም ድፍን መዳብ ውስጥ ኤዲ ከረንት (ተለዋዋጩ ፊልድ ውስጡ የሚያስነሳው አዙሪት ከረንት) ከተነሳ ደግሞ ነገሩ ያለቀለት ነው፣ ምክንያቱም የአሁኑ ፍለክስ በአሁኑ ከረንት ብቻ አይወሰንም፣ ትናንት የሆነውንም ያስታውሳል። ሰንጠረዥ ትዝታ የለውም።

ለዚህ ጥሩው ምሳሌ ተራው የኢንዳክሽን ሞተር ነው፣ ወፍጮ ቤቱን የሚያዞረው። ሮተሩ ውስጥ ያሉት የአሉሚኒየም ዘንጎች ድፍን ናቸው፣ ከረንቱ ውስጣቸው የሚከፋፈለው ሞተሩ ሲነሳና ሲሮጥ በተለያየ መንገድ ነው። ዘንጎቹን ከዳርና ከዳር የሚያገናኛቸው ቀለበት ደግሞ 2ዲ ሥዕሉ ላይ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘንግ በሰርኪቱ ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ ይሆናል፣ በዘንግና በዘንግ መሃል ያለው የቀለበት ቁራጭ ትንሽ ሬዚስተርና ትንሽ ኢንዳክተር ይሆናል፣ ሁሉም ተያይዘው ጎጆ የሚመስል ሰርኪት ይወጣል። ይህን ያለ ጋብቻው መሥራት አይቻልም። ከኦንላብ ጋር የሚመጡ የኤሌክትሪክ ማሽን ምሳሌዎች አሉ፣ ኢንዳክሽን ሞተርም አለበት፣ ሰርኪቱ ተጽፎ ያለቀ ነው። ከፍታችሁ ቁጥር ብቻ ብትቀይሩ ይሄዳል። እኔ ፋይሉን ከባዶ ለመጻፍ ግትር ብዬ ሁለት ወር ከማጥፋቴ በፊት እነዚህን ባያቸው ኖሮ፣ ብቻ ተዉት።

ኤልመርስ? የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ኤልመር የፊንላንዱ ሲኤስሲ የሚያዘጋጀው ነው፣ ከ1995 ጀምሮ ያለ ነው፣ እሱም ክፍት ምንጭ። 3ዲ ከሆነ ሥራችሁ፣ ብዙ ፕሮሰሰር ያለው ማሽንም ካገኛችሁ፣ እኔ ራሴ ወደ ኤልመር ነው የምልካችሁ። ድፍን፣ ጥምጥምና በስስ ፎይል የተጠቀለለ ብሎ ሦስት ዓይነት ጥቅል ለይቶ ያውቃል፣ ፎይሉ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነው። ሰርኪቱን የምትጽፉበት መንገድ ግን ያስለቅሳል። እንደ ጌትዲፒ የዕቃዎች ዝርዝር (ኔትሊስት) አይደለም፣ ማትሪክስ ነው። የኪርኾፍን ሕግ በወረቀት አውጥታችሁ፣ የማትሪክሱን እያንዳንዷን ቤት በእጅ ትሞላላችሁ። አንዷን ምልክት ብትስቱ ደህና ሁኑ። ይህን ለማቃለል የተሠራ ሰርኪትቢልደር የሚባል የፓይተን መሣሪያ አለ፣ ኤልመርን ከሞከራችሁ ያለ እሱ አትጀምሩ።

የሚሸጡትን በአጭሩ። ኮምሶል፣ የአንሲስ ማክስዌል፣ ከግሬኖብል የመጣው ፍለክስ የሚባለው ፕሮግራም፣ ሁሉም ሰርኪትን ያጋባሉ፣ አሳምረው ያጋባሉ። ሥዕሉን በማውዝ ትስላላችሁ፣ ትራንዚስተርና ዳዮድ ያለበትን ድራይቭ ታያይዛላችሁ። ድርጅታችሁ ገዝቶ ካስቀመጠው ይህን ጽሑፍ ማንበብ አቁማችሁ ሄዳችሁ ተጠቀሙበት። በራስ ደመወዝ የሚገዛ ዕቃ ግን አይደለም። በክራክ ሠርቶ ቴሲስ ላይ ስሙን መጻፍም ሲያሳፍር አይቻለሁ፣ ጓደኛዬ አማካሪው ፊት "ላይሰንሱን ከየት አገኘኸው?" ተብሎ ላብ ያጠመቀውን ቀን አልረሳውም።

ጌትዲፒ ላይ የማልወደውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሰነዱ የተጻፈው የሚያውቅ ሰው እንዲያስታውስ ነው፣ የማያውቅ እንዲማርበት አይደለም። ሰርኪቱ ውስጥ ሬዚስተር፣ ኢንዳክተር፣ ካፓሲተር በቀላሉ ይገባል፣ ዳዮድ ስትሉት ግን ሬዚስታንሱ በቮልቴጁ የሚቀያየር ዕቃ አድርጋችሁ ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ፣ ሬክቲፋየር ያለበት ነገር የምትሠሩ ከሆነ ከወዲሁ አስቡበት። ሌላው የማትሪክሱ ነው። ሰርኪቱ ሲገባ ማትሪክሱ ጠባዩ ይለወጣል፣ የፊልዱ ቁጥሮችና የሰርኪቱ ቁጥሮች መጠናቸው በጣም ይራራቃል፣ እየተመላለሰ የሚያቃርብ ሶልቨር ሊንገዳገድ ይችላል። እኔ ሳልጨነቅ በቀጥታ የሚፈታውን መምፕስን ነው የምጠቀመው፣ ለ2ዲ ከበቂ በላይ ነው።

ለማን ይሁን? ሞተርና ትራንስፎርመር ላይ ቴሲስ ለሚሠራ፣ እኩልታ ለማይፈራ፣ ጊዜ ላለው ሰው ዓይኔን ሳላሽ አራት ከአምስት እሰጠዋለሁ። ሳምንት ውስጥ መልስ የሚፈልግ ሰው ግን ኤፍኢኤምኤምንና ኤልቲስፓይስን ይዞ ይሂድ፣ ጌትዲፒን ለክረምት ያቆየው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ቁጥሩን ይዤ ሄድኩ። ግራፉንም በስልኬ አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ፋይሉ ላይ 10 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ጨምሬ ሌላ ግራፍ አውጥቼ ነበር፣ 53 የነበረው ጫፍ ወደ 15 አምፒር ወርዷል። ሬዚስተሩን ለጥቂት ሞገድ ብቻ አስገብቶ በሪሌ ማለፍ ነው፣ አልኳቸው፣ ዕቃውም ርካሽ ነው፣ ሠርቼ አመጣልዎታለሁ።

"ብሬከሩን በሲ ብቀይረውስ?" አሉኝ።

ሲ10 ወዲያው የሚወርደው ከ50 እስከ 100 አምፒር ባለው መሃል ነው። 53 እዚያው ጠርዙ ላይ ነው የምትወድቀው። ብዙ ጊዜ ሊይዝ ይችላል፣ ግን ኮሩ ውስጥ ማግኔት የቀረበት ቀን ይወርዳል፣ አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ሬዚስተሯን ይዘህ ና፣ ብሬከሩን ግን እኔ ቅድም ቀይሬዋለሁ" አሉኝ።